በአንድ ሌንስ ብቻ፦ ከባቡር እስከ ተራራ

ሰኞ፤ ባቡር ውስጥ

ሻንጣዬ ቀሏል። አንድ ካሜራ፣ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ሌንስ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ከሚከላከለው ኮፍያው ጋር፣ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር፣ ትርፍ ባትሪና መጥረጊያ ጨርቅ፤ የያዝኩት ይኸው ነው። አብሮኝ የሚጓዘው ጓደኛዬ ከ24 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሚደርሰውን ዙሙን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና የእኔን አጭር ሌንስ አየት አድርጎ፣ "በዚህ ብቻ ነው የምትከርመው? ሩቅ ነገር ሲመጣስ?" አለኝ።

"እጠጋዋለሁ።"

"ገደል ማዶ ቢሆንስ?"

"እተወዋለሁ።"

ሳቀብኝ፤ አልፈረድኩበትም።

"እግርህ ዙምህ ነው" የሚለውን ምክር ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሁሉ ይሰማዋል። እውነትነቱ ግን በከፊል ነው። ባሉበት ቆመው ዙም ቢያሽከረክሩ የሚታየው ነገር ይሰፋል ወይም ይጠባል እንጂ ነገሮቹ እርስ በርስ ያላቸው ዝምድና አይለወጥም። በእግር ሲጠጉ ግን የፊተኛው ይገዝፋል፣ የኋለኛው ባለበት ይቀራል፤ የሚወጣው ሌላ ፎቶ ነው። ዙም የማያደርግ ቋሚ ሌንስ የያዘ ሰው ከመጠጋትና ከመራቅ በፊት የት ቢቆም ምን ከምን ጋር እንደሚገጥም ማየት አለበት። ዙሙን ቤት ትቼው የወጣሁት ለዚህ ነው፤ አማራጭ ካለኝ እሰንፋለሁ።

ሌላው ምክንያት ብርሃን ነው። ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱ የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ስለዚህ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.4 ላይ ሲከፈት ቀዳዳው 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። የጓደኛዬ ዙም ከኤፍ 4 በላይ አይከፈትም። በእኔ ሌንስ ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ) ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከእሱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እሱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 6400 የሚያስፈልገውን ፎቶ እኔ በዚያው የሻተር ፍጥነት፣ ማለትም መዝጊያው ክፍት ሆኖ በሚቆይበት በዚያው ጊዜ፣ በ800 አነሳዋለሁ።

ከፊታችን የተቀመጡ እናት ትንሽ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተዋል። ልጅቷ አፏን ከፈት አድርጋ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን ጉንጯ ላይ አርፏል።

"እናቴ፣ አንድ ፎቶ ላንሳት?"

"ካልቀሰቀስካት አንሳ" አሉኝ።

ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ በኤፍ 1.4 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሽፋሽፍቷ ከጠራ ጆሮዋ ይደበዝዛል። በዚህ ላይ ባቡሩ ይወዛወዛል፤ እኔ እወዛወዛለሁ፣ እሷም ትወዛወዛለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራውን ነገር ማንሳት ይገባል፦ በመካከለኛው የፎከስ ነጥብ ዓይን ላይ ያተኩራሉ፣ ከዚያ ቁልፉን እንደያዙ ካሜራውን ወደ ጎን አዙረው ፍሬሙን ያስተካክላሉ። በኤፍ 8 ችግር የለውም። በኤፍ 1.4 ግን ካሜራው በ20 ዲግሪ ሲዞር የፎከሱ ወለል (ነገሮች ጥርት ብለው የሚወጡበት ገጽ) አብሮት ይዞራል፤ አንድ ሜትር ላይ የነበረው ዓይን 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከወለሉ ፊት ይቀራል። የጠራው ክልል 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዓይኑ ደበዘዘ ማለት ነው፤ ከዚያ "ሌንሱ አይጠራም" ተብሎ ሌንሱ ይወቀሳል። መድኃኒቱ ፍሬሙን አስቀድሞ መወሰንና የፎከስ ነጥቡን ራሱን ዓይኑ ላይ ወስዶ ማስቀመጥ ነው። ካሜራው ዓይን የሚለይ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ለእሱ መተው።

ፎከሱን ተከታታይ አድርጌ፣ ሻተሩን የሰከንድ 1/250ኛ ላይ አስሬ፣ ደጋግሜ አነሳኋት። ከዚያ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 አጠበብኩት፤ ጥልቀቱ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል አደገ። ሁለቱም ዓይኖቿ፣ የአፍንጫዋ ጫፍና የተከፈተው አፏ ጠሩ፤ የእናቷ እጅ ከኋላ ለስለስ ብሎ ቀረ። እናትየው ሁለቱንም ካሳየኋቸው በኋላ ጣታቸውን በሁለተኛው ላይ አደረጉ። "ይቺ ልጄ ናት፤ ያኛዋ ዓይን ብቻ ናት" አሉኝ። ከብዙ የፎቶ ሐያሲ የተሻለ ፍርድ ነው።

ማክሰኞ፤ ሐይቁ ዳር

ጎህ ሳይቀድ ወደ ውኃው ወረድን። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም፤ ጀልባዎቹ ከሸንበቆው ሥር ታስረው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ገመድ ይፈታሉ። ላነሳቸው ፈቀዱልኝና ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ቆምኩ። ሸንበቆው ከጀርባቸው ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቅም ማለት ይቻላል። በኤፍ 1.4 ባነሳም ሸንበቆው እንደ ተዝረከረከ ቀረ፦ ያልጠራ፣ ያልደበዘዘም።

"አባባ፣ እስቲ ሁለት እርምጃ ወደዚህ ይምጡልኝ።"

"እዚህ ምን ጎደለኝ?"

"እርስዎ ምንም አልጎደለዎትም፤ ሸንበቆው ነው የበዛው።"

ስቀው ጀልባውን ትንሽ ገፋ አድርገው ዞሩልኝ። አሁን ከጀርባቸው ያለው ሰፊው ውኃና ማዶ ያለው ኮረብታ ሆነ። እኔም ወደ ኤፍ 2.8 አጠበብኩ። ጀርባው ደብዝዞ ጠፋ፤ ፊታቸው ደግሞ ከጢማቸው እስከ ጆሯቸው ጥርት ብሎ ወጣ።

ይህንን ነገር ሒሳቡ ራሱ ይመሰክራል። በሁለት ሜትር ላይ ያለ ሰው ላይ ስናተኩር፣ ከሰውዬው ግማሽ ሜትር ኋላ ያለ ነጥብ በኤፍ 1.4 ሴንሰሩ ላይ 0.18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሆኖ ይደበዝዛል። እጅግ ሩቅ ያለ ነጥብ ደግሞ በኤፍ 2.8 እንኳ 0.46 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀዳዳውን በሁለት ደረጃ አጥብበን፣ ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርደን፣ ጀርባው ከሁለት እጥፍ በላይ ደበዘዘ። ያደረግነው ነገር ቢኖር ሰውዬውን ከሸንበቆው ማራቅ ብቻ ነው። "ጀርባው አልደበዘዘልኝም፤ ኤፍ 1.2 ልግዛ እንዴ?" ለሚል ሰው የምመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየውን ከግድግዳው አንሳው።

ሦስት ርቀቶች አሉ፦ እኔ ከሰውዬው፣ ሰውዬው ከጀርባው፣ እኔ ደግሞ ከምፈልገው ገጽታ። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። በ50 ሚሊ ሜትር ከአንድ ሜትር በታች ተጠግቶ ፊት ብቻ ማንሳት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ያሳንሳል። ጀርባው በሚገባ ይደበዝዛል፤ ሰውየው ግን ራሱን አይመስልም። ስለዚህ ለፊት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ መራቅ እመርጣለሁ፤ ከወገብ በላይ ያለውን አስገብቼ፣ ቢያስፈልግ በኋላ ዳሩን ቆርጬ። ሴንሰሩ ትንሽ ለሆነ ካሜራ ነገሩ ይቀላል፤ እዚያ 50 ሚሊ ሜትር ወደ 75 ወይም 80 የሚጠጋ እይታ ስለሚሰጥ ፍሬሙ ራሱ እንድንርቅ ያስገድደናል።

ጓደኛዬ ያን ጠዋት በዙሙ ወፎቹን ሲያነሳ ነበር። ወፎቹን ትቻቸዋለሁ።

ረቡዕ፤ ሜዳው ላይ፣ በቀትር

የዛሬው መንገድ ረጅምና ጥላ የሌለው ነበር። ስለ ፎቶውም የምጽፈው ብዙ የለም፤ ቀትር የዚህ ሌንስ ሰዓት አይደለም።

ጠራራ ፀሐይ ላይ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16 ትክክለኛው የሻተር ፍጥነት የሰከንድ 1/100ኛ ገደማ ነው። ከዚያ ተነስቶ እስከ ኤፍ 1.4 ሲከፈት ወደ 1/12800ኛ ይደርሳል። የአብዛኞቹ ካሜራዎች ሜካኒካል ሻተር 1/4000ኛ ወይም 1/8000ኛ ላይ ያቆማል። እንግዲህ በቀትር ቀዳዳውን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ ማንሳት የፈለገ ሰው ፎቶው ነጭ ይሆንበታል። ብርሃኑን ወደ ስምንተኛ እጅ የሚቀንሰው ጥቁር ፊልተር ሲጨመር 1/1600ኛ ይበቃል። ኤሌክትሮኒክ ሻተርም ከዚያ በላይ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሴንሰሩን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ፈጥኖ የሚያልፍ ነገር ሊጣመምበት ይችላል።

አንድ ብቻዋን የቆመች ደረቅ ዛፍ አየሁ። በኤፍ 1.4 ሳነሳት ቅርንጫፎቿ ነጩን ሰማይ በሚነኩበት ቦታ ሁሉ ሐምራዊ ጥላ ወጣባቸው፤ ከፎከሱ ኋላ ያሉት ደግሞ ወደ አረንጓዴ አደሉ። የብርሃን ቀለማት በአንድ ቦታ ላይ አለመሰብሰባቸው ነው፤ ሰፊ ቀዳዳ ያላቸው ሌንሶች የታወቀ ጠባይ። በኤፍ 2.8 አብዛኛው ጠፋ፤ በኤፍ 5.6 ዱካው እንኳ አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱ ሌንስ በኤፍ 4 እና በኤፍ 8 መካከል እጅግ የጠራ ነው፤ ከኤፍ 11 አልፎ ወደ 16 ሲጠብ ደግሞ ብርሃን በጠባቡ ቀዳዳ ዳር ስለሚበተን ጥራቱ እንደገና ይቀንሳል። ለመልክዓ ምድር 5.6ን ወይም 8ን ይዤ ቀኑን ሙሉ አልነካሁትም።

ሐሙስ፤ አሮጌው የድንጋይ አዳራሽ

ፍላሽ ክልክል ነው ይላል መግቢያው ላይ። ደስ አለኝ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚገባው ከላይ ካለው ጠባብ መስኮት ብቻ ነው።

እንዲህ ባለው ቦታ በእጅ ይዞ ማንሳት ራሱ አንድ ጊዜ የማይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1896 ፓውል ሩዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ለካርል ሳይስ ኩባንያ "ፕላናር" የተባለውን ሌንስ ነደፈ፤ ስድስት መስታወቶች በቀዳዳው ግራና ቀኝ ተመጣጥነው የተቀመጡበት ንድፍ ነው። የዛሬዎቹ ብዙ ሰፊ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶች የዚያ ልጆች ናቸው። ፕላናር በዘመኑ ብዙ አልተወደደም ነበር፤ ምክንያቱ የንድፉ ጉድለት ሳይሆን የመስታወቱ ጠባይ ነው። ያልተቀባ መስታወት ብርሃን በሚገባበትና በሚወጣበት ገጽ ሁሉ 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ፕላናር አየር የሚነካ ስምንት ገጽ ነበረው፤ ሴንሰር ወይም ፊልም ጋ በቀጥታ የሚደርሰው ወደ 72 በመቶ ይወርዳል። ከጠፋው ውስጥ ከፊሉ በመስታወቶቹ መካከል ሲንከራተት ቆይቶ ፎቶው ላይ እንደ ጭጋግ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በዚያው ኩባንያ ውስጥ መስታወትን በቀጭን ሽፋን መቀባት የሚቻልበትን ዘዴ ሲያገኝ ይህ ሁሉ ተለወጠ።

በመካከሉ ደግሞ ሉድቪግ በርተለ የሚባል ወጣት መሐንዲስ "ኤርኖስታር" የተባለውን ኤፍ 2 ሌንስ ነደፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1924 "ኤርማኖክስ" በተባለው ትንሽ ካሜራ ላይ ተገጥሞ ወጣ። ጀርመናዊው ጋዜጠኛ ኤሪክ ሳሎሞን በዚህ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1928 በርሊን ውስጥ የፍርድ ቤት ችሎትን ደብቆ አነሳ፤ በኋላም በዲፕሎማቶች ስብሰባ መካከል እየገባ ያለ ፍላሽ ያነሳቸው ፎቶዎች ዝነኛ አደረጉት። ሰው መነሳቱን ሳያውቅ የሚነሳበት ዘመን የተከፈተው እንዲህ ነው።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። መስኮቱ በፍሬሙ ጫፍ ሲገባ የሽፋኑ ጥቅምና ወሰን ወዲያው ይታያል። ፎቶው ላይ ሐመር መጋረጃ የወረደ መሰለኝና የፊተኛውን መስታወት ወደ ብርሃኑ አዙሬ አየሁት፤ የጣት አሻራ። አንድ አሻራ የመቶ ዓመት ምርምር ያበላሻል። ጠረግኩት፣ ኮፍያውን ገጠምኩ፣ ጥቁሩ ወደ ጥቁርነቱ ተመለሰ።

ከዚያ አንድ ምሰሶ ላይ ትከሻዬን አስደግፌ፣ ክርኖቼን ደረቴ ላይ አጥብቄ፣ ትንፋሼን አውጥቼ በሰከንድ 1/60ኛ አነሳሁ። ቀዳዳው ኤፍ 2 ነበር። ለምን 1.4 አይደለም? ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት በመስታወቱ ዳር የሚያልፈው ብርሃን በመካከሉ ከሚያልፈው ጋር አንድ ቦታ አይገናኝም፤ የጠራው መስመር ላይ ስስ ብልጭታ ይለብሳል፣ የፍሬሙ ማዕዘኖችም ይጨልማሉ። ለሰው ፊት ይህ ልስላሴ አንዳንዴ ያምራል። ለተጠረበ ድንጋይ ግን አይሆንም። ከ1.4 ወደ 2 ስጠብ ያጣሁት የብርሃኑን ግማሽ ነው፤ ያገኘሁት ግን ከግማሽ በላይ ነው። የብርሃን ልኬቱን ከመስኮቱ ወሰድኩት፤ ጨለማው ጨለማ ሆኖ ቀረ፣ መስኮቱም አልነደደም። ካሜራው ሳይነካካ ካስቀመጠው ጥሬ ፋይል ላይ ጥላውን ትንሽ ማንሳት ይቻላል፤ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም።

ጓደኛዬ በኤፍ 4 ከአይኤስኦ 12800 ጋር ይታገል ነበር። "አንተ ስንት ላይ ነህ?" ሲለኝ "3200" ብዬ መለስኩለት። ዝም አለ።

ዓርብ፤ የምሽቱ ገበያ

ለዚህ ሌንስ የተሠራ ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሆኖ ሳለ ደረስን፤ መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ፤ ሰው እንደ ልብ ይተላለፋል።

መጀመሪያ የገጠመኝ ነገር መብራቱ ነው። ድምፅ እንዳላሰማ ብዬ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ላይ ነበርኩ፤ ፎቶዎቹ ላይ ጥቁርና ደማቅ አግድም መስመሮች ወጡ። የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ 60 ኸርዝ በሆነበት 120 ጊዜ። ዓይን አያየውም፣ መስመር በመስመር የሚያነብ ሴንሰር ግን ያየዋል። ወደ ሜካኒካሉ ሻተር ተመልሼ ፍጥነቱን 1/100ኛ አደረግኩት፤ አንድ ሙሉ ርግብግብታ ስለሚይዝ መስመሮቹ ጠፉ። 60 ኸርዝ ላይ ብሆን 1/120ኛ ወይም ለእሱ የሚቀርበውን እመርጥ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ፊልተር ነው። ለጥበቃ ተብሎ ቀን ከሌት ሌንስ ፊት የሚቀመጠው ጠፍጣፋ ግልጽ መስታወት ማታ ጠላት ነው፤ ከሴንሰሩ የተመለሰውን ብርሃን እንደገና መልሶ በመላክ ከእያንዳንዱ አምፖል ትይዩ ሌላ ደብዛዛ አምፖል ይፈጥራል። አንድ ወጣት እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ "ካሜራዬ ተበላሸ" ሲል ሰምቼ ፊልተሩን እንዲፈታው ነገርኩት። ፈታው፤ "ተአምር ነው!" አለ። ተአምር አልነበረም፣ ግን ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ሦስተኛውና ዋናው የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ሦስት ሜትር ላይ ያለ ሰው በኤፍ 1.4 የሚጠራበት ክልል 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በተለመደ እርምጃ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ይህን የሚያልፈው በሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። ቁልፉን እስክንጫን ሰውየው ከክልሉ ወጥቷል። በተከታታይ ፎከስ መከተል አንዱ መንገድ ነው። እኔ ግን ሌላውን እወደዋለሁ፦ በጎን የሚያልፈውን መጠበቅ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው ከእኔ ያለው ርቀት ብዙም ስለማይለወጥ፣ መብራቱ የሚያርፍበትን ቦታ መርጬ እዚያ ላይ አተኩሬ ቆምኩ። ሰዎች ራሳቸው ወደ ብርሃኑ ገብተው ይወጣሉ። የእኔ ሥራ ማንን ልጠብቅ ብሎ መምረጥ ብቻ ሆነ። 1/100ኛ ለሚራመድ ሰው ትንሽ ይዘገያል፤ እግሮቹ ይደበዝዛሉ፣ ፊት ግን አንዳንዴ ይተርፋል። ያ ድብዛዜ ገበያውን ገበያ ያደርገዋል ብዬ ተውኩት።

ከጀርባ ያሉት አምፖሎች ትልልቅ የብርሃን ክቦች ሆነው ወጡ። በኤፍ 1.4 በመካከል ያሉት ክብ፣ ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ያሉት ግን ሞላላ ናቸው፤ በሰያፍ የሚመጣው ብርሃን በሌንሱ በርሜል ስለሚከለል ነው። ኤፍ 2.8 ላይ ሁሉም እኩል ይሆናሉ፣ ግን የቀዳዳው ምላጮች ቀጥ ያሉ ከሆኑ ማዕዘን ያወጣሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለነዚህ ክቦች ነው። እኔ ያን ያህል አይደንቁኝም፤ ክብ ብቻ ያለበት ፎቶ ባዶ ፎቶ ነው።

የምሽቱ ምርጥ ነገር የተገኘው ከገበያው ጥግ ነው። አንድ ሰዓት ሠሪ ከአንዲት የጠረጴዛ መብራት ሥር አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ፣ በወረንጦ ጫፍ የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ብሎን ይዟል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ፈቃዱን በዓይን ጠየቅኩት፤ በቅንድቡ መለሰልኝ፤ ቀና አላለም።

ከግማሽ ሜትር በኤፍ 1.4 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ8 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብሎኗ ብቻ ጠራች፤ ወረንጦው ራሱ ከመካከሉ ጀምሮ ቀለጠ፤ ጣቶቹ የቆዳ ቀለም ያለው ጭስ ሆኑ። ለአንድ ፎቶ ያምራል። ነገር ግን ማየት የምፈልገው ብሎኗን አልነበረም፤ ብሎኗንና ጣቶቹን አንድ ላይ ነበር። ወደ ኤፍ 4 ስጠብ ጥልቀቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ሆነ፤ ከወረንጦው ጫፍ እስከ አውራ ጣቱ ጥፍር ያለው ሁሉ ገባ፤ ጥፍሩ ሥር የደረቀው ጥቁር ዘይት ሳይቀር ታየ። አይኤስኦው ከ400 ወደ 3200 ወጣ። ወጣ እንጂ! ትንሽ ነጠብጣብ ያለበት የጠራ እጅ፣ ንጹሕ ከሆነ ደብዛዛ እጅ ይሻላል። ነጠብጣቡን ኮምፒውተር ይቀንሰዋል፤ ያልነበረ ፎከስን ግን አይፈጥርም።

ቅዳሜ፤ ተራራው ላይ

ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ትሪፖድ ስላልያዝን ካሜራውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ጃኬቴን አጣጥፌ አስደገፍኩትና በሁለት ሰከንድ ማዘግያ እያነሳሁ አመሸሁ።

50 ሚሊ ሜትር ሰማይ ላይ ጠባብ ነው፤ በአግድም 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ያያል። ኦርዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ግን ከነቀበቶው በቀላሉ ይገባል። ምድር ስለምትዞር ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው እንዲቀሩ የሚያስችለው ጊዜ በተለመደው ስሌት 500 ለ50 ሲካፈል፣ 10 ሰከንድ ነው። ፒክስሉ ለበዛ ካሜራ ይህ ይረዝማል፤ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይመረጣል። ጊዜው ሲያጥር ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ ማስፈለጉ የማይቀር ነው።

በኤፍ 1.4 መካከል ላይ ያሉት ከዋክብት ነጥብ ናቸው፤ ማዕዘን ላይ ያሉት ግን ክንፋቸውን የዘረጉ ትንንሽ ወፎች ይመስላሉ። ኮማ የሚባለው ጉድለት ነው፤ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው 58 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.2 የሌሊት ሌንስ ልዩ ቅርጽ ያለው መስታወት የተደረገለት ይህንኑ ለማስተካከል ነበር። የእኔ ሌንስ ያ የለውም። በኤፍ 2 ክንፎቹ አጠሩ፣ በኤፍ 2.8 ጠፉ ለማለት ይቻላል፤ እዚያው ቆየሁ።

የሌንሱ ቀለበት ላይ ያለው የማለቂያ የለሽ ርቀት ምልክት አይታመንም። አንድ ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ አጉልቼ፣ ቀዳዳውን ሙሉ ለሙሉ ከፍቼ፣ ነጥቡ እስኪያንስ ድረስ ቀለበቱን በፀጉር ስፋት እያንቀሳቀስኩ በእጅ አተኮርኩ። ከዚያ ማንም እንዳይነካው። ጓደኛዬ "ልየው" ብሎ ነካው፤ እንደገና ጀመርን።

እሑድ፤ የመመለሻ ባቡር

ጣቢያው ላይ አብረውን ተራራ የወጡት ሰዎች "አንድ ላይ ሆነን እንነሳ" አሉ። ሁለት ረድፍ ሠሩ፤ የፊተኞቹ ቁጭ፣ የኋለኞቹ ቆሙ። ከአራት ሜትር በኤፍ 1.4 የሚጠራው ጥልቀት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ረድፍ ያለ ጥርጥር ይደበዝዛል። ኤፍ 5.6 ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ይሆናል። ፊተኛው ረድፍ ላይ አተኩሬ በ5.6 አነሳኋቸው። "ይህ ሁሉ ሌንስ ለዚህ?" አለ አንዱ። ለዚህም ነዋ።

ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ፎቶዎቹን በኮምፒውተር እየከፈትን መረጥን። ሙሉ መጠን ላይ አጉልተን እንመለከታለን፣ ዓይኑ ያልጠራውን እንጥላለን። የቀሩልኝን ደርድሬ ሳይ አብዛኞቹ በኤፍ 2 እና በኤፍ 4 መካከል ናቸው፤ በ1.4 የተነሱት ጥቂት ናቸው፤ ያቺ ብሎን አንዷ ናት።

"ታዲያ የእኔ ኤፍ 4 ምን ጎደለው?" አለ ጓደኛዬ፣ ያሸነፈ መስሎት።

የአዳራሹን ፎቶ ከፍቼ አሳየሁት። የእሱ ዙም የሚጀምረው እኔ ጠብቤ ከደረስኩበት ነው፤ በኤፍ 4 እሱ እስከ ዳር ተከፍቷል፣ እኔ ግን ሦስት ደረጃ ጠብቤ የሌንሴ ምርጥ ጥራት ውስጥ ገብቻለሁ። ኤፍ 2 ላይ ደግሞ እሱ ፈጽሞ አይደርስም። ማዕዘኖቹን እያፈራረቀ ሲመለከት ቆየ።

"ስለዚህ ሰው ኤፍ 1.4 የሚገዛው በኤፍ 2 ለማንሳት ነው?"

"አብዛኛውን ጊዜ።"

"በኤፍ 1.4ስ የምታነሳው መቼ ነው?"

"ሌላ ብርሃን ሲጠፋ" አልኩት፤ ከዚያ የሰዓት ሠሪውን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፍተን የትኛው ይታተም በሚለው ላይ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ተከራከርን። እሱ ብሎኗ ብቻ የጠራችበትን መረጠ፤ እኔ ጣቶቹ ያሉበትን።